መምህራችን የፍቅር ልብወለድ ትጽፋለች

ነገሩ የተጀመረው ከሥራ ስሞች ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኪዋቱሌ ውስጥ፣ የወላጆች ኮሚቴ በተከራየው አዳራሽ፣ አማርኛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ እዚሁ ካምፓላ የተወለዱ ወይም ታቅፈው የመጡ የሀገሬ ልጆች ናቸው። እቤት በአማርኛ ይጠየቃሉ፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፣ ሲጣሉ በሉጋንዳ ይሰዳደባሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሌላ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የቤት ኪራዬ የሚወጣው ከዚያ ነው። የቅዳሜውን ክፍል ግን የያዝኩት ስለምወደው ብቻ ነበር። የፊደል ገበታውን በወፍራም ካርቶን ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። አጫጭሮቹን ልጆች ከፊት፣ ረጃጅሞቹን ከኋላ አስቀምጣለሁ። ትምህርቱ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይሄዳል፦ መጀመሪያ መስማት፣ ከዚያ መናገር፣ በመጨረሻ መጻፍ። ልጅ ያልተናገረውን ቃል ጻፍ ከተባለ እንደ ሥዕል ይገለብጠዋል እንጂ አይጽፈውም። ይህን ለወላጆች ደጋግሜ አስረዳለሁ፤ ማስረዳት እወዳለሁ።

የዚያን ዕለት ልጆቹ በየተራ እየተነሱ የወላጆቻቸውን ሥራ ይናገሩ ነበር።

«አባቴ አውሮፕላን ይጠግናል።»

«እናቴ ምግብ ቤት አላት።»

«የኔ እናት ፕሮሰስ ናት» አለ አንዱ።

ማንም አልሳቀም። ፕሮሰስ ማለት ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ማመልከቻ አስገብቶ የኤምባሲ ጥሪ መጠበቅ ነው። እዚህ ካለነው ብዙዎቹ ሲጠብቁ ዓመታት ስለሚያልፍባቸው፣ ለልጆቹ መጠበቁ ራሱ ሥራ መስሎ ይታያቸዋል። «እናቴ ፕሮሰስ ላይ ናት» ብዬ አስተካከልኩለት።

ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አንቺስ?»

ጥያቄው የሚገባ ነው። እነሱን ጠይቄ እኔ ዝም ልል አልችልም። «እኔ መምህር ነኝ። የፍቅር ልብወለድም እጽፋለሁ» አልኳት።

«ልብወለድ ምንድነው?»

አስረዳኋቸው። ያልሆነ ታሪክ ነው፤ ጸሐፊው ከራሱ ያመጣዋል፤ አንባቢውም ያልተፈጸመ መሆኑን አውቆ ያነበዋል፤ ማንም ማንንም አያታልልም። ቃሉ አዲስ ስለሆነባቸው እንደ ደንባችን ሰሙት፣ ተናገሩት፣ ከዚያም በየደብተራቸው ጻፉት፦ «መምህራችን የፍቅር ልብወለድ ትጽፋለች።» መስመር ያልሳተ፣ ደስ የሚል ጽሑፍ ነበር። ደብተራቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ልጆቻቸው ለወራት የጻፉትን አንድም ቀን ገልጠው አይተው የማያውቁ ወላጆች ያችን አረፍተ ነገር አነበቧት።

በማግስቱ የወላጆች ግሩፕ በድምፅ መልእክት ተጥለቀለቀ። «እኛ ፊደል ይወቁልን አልን እንጂ!» አለች አንዷ። «ሕፃን ልጅ ፊት የሚነገር ነገር ነው?» አለች ሌላዋ። አንዱ አባት ደግሞ እየሳቀ፣ «ቲቸር እንዲህ ነሽ እንዴ? በይ እኛንም መዝግቢን፣ ማታ ማታ እንማር» ብሎ ላከ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። ሲቆጡ ከነበሩትም መካከል የሳቁ ነበሩ።

የሚቀፈኝን ነገር በቅጡ ላስረዳ። የፍቅር ልብወለድ እጽፋለሁ ስል የሰው ፊት ከሁለት አንዱን ይሆናል። አንዳንዱ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው አፉን ይሰበስባል። ሌላው ዓይኑን ከፊቴ ያወርድና ከአንገቴ በታች ያሳርፈዋል። የመጀመሪያው ያናድደኛል። ሁለተኛው ግን እጄን በሳሙና እንድታጠብ ያደርገኛል። መጽሐፌን አንብቦ መጥፎ ነው የሚለኝ ሰው ግን አያስቀይመኝም፤ ከእሱ ጋር ቁጭ ብዬ ስለ ምዕራፎቹ ብከራከር ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም።

መጽሐፎቼ ትንንሽ ናቸው። ዋንዴገያ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆስቴሎች ሥር፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የሠርግ ጥሪ ከሚያትም ሱቅ አሳትማቸዋለሁ። የመጨረሻው «ውሃ የመጣ ዕለት» ይባላል። አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያና የውሃ ታንከር የሚጠግን ሰው በጥገና ምክንያት ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ኩሩዎች ስለሆኑ ይለያያሉ፤ ከዚያ ወደው ይመለሳሉ። የፍቅር ልብወለድ እነዚህን ሦስቱን ይፈልጋል፦ መገናኘት፣ ከራሳቸው ባሕርይ የመጣ እንቅፋት፣ በመጨረሻም ምርጫ። ሦስተኛው ከሌለ የተቀረው ሁሉ አጋጣሚ ይሆናል። ለዚህ ነው የማላፍርበት። ሁለት ሰው ማንም ሳያስገድዳቸው እርስ በርስ ሲመራረጡ መጻፍ ምኑ ያሳፍራል? መጽሐፉን የሚገዙኝ ደግሞ እነዚያው አፋቸውን የሚሰበስቡት ናቸው፤ የፀጉር ቤት ሴቶች፣ የአየር መንገድ ሠራተኞች፣ ፕሮሰስ ላይ ያሉ ልጃገረዶች፣ የተማሪዎቼ እናቶች።

የተማሪዎቼ እናቶች ያልኩት ሳላጣራ አይደለም። ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ ልጆቹን እየሸኘሁ ሳለ፣ ጥርሷ የወለቀው ልጅ እናት መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ደብተር ስታነብ አየኋት። የደብተሩ ሽፋን ላይ በልጅቷ እጅ «ሒሳብ» ተብሎ ተጽፏል። እናትየው ከንፈሯን ነክሳ ፈገግ ትላለች፣ ገጹን ትገልጣለች፣ እንደገና ፈገግ ትላለች። ሒሳብ ሰውን እንዲህ ሲያስደስት አይቼ አላውቅም። መስኮቱ ጋ ደርሼ ሰላም ስላት ደንግጣ ዘጋችው። በሽፋኑ ጠርዝ በኩል የመጽሐፌ ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ። የልጇን ደብተር ሽፋን ገፍፋ ለኔ መጽሐፍ አልብሳዋለች።

«ምን ላድርግ ቲቸር፣ ሰው እንዳያየኝ እኮ ነው» አለችኝ። ሳቅኩ። የዚያን ዕለት አስቆኝ ነበር።

የእሁዱ ጫጫታ በተነሳ ሳምንት የኮሚቴው ሰብሳቢ ደወሉልኝ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የግንባታ ዕቃ ይነግዳሉ፤ አዳራሹንም ያገኙልን ባለንብረቱን ስለሚያውቁት ነው። «እሁድ ምሳ እኛ ጋ ነሽ፤ ባለቤቴ ትጠብቅሻለች» አሉኝ።

እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ቀይ ወጥ በእንጀራ፣ ከጎኑም ማቶኬ የሚባለውን የተቀቀለ ሙዝ አቀረቡ። ጋሼ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና ገና ሳልጀምር አንድ ትልቅ ጉርሻ ወደ አፌ ሰደዱ። አፌ ሞልቶ መናገር እንደማልችል ባዩ ጊዜ ነገሩን ጀመሩት።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ሰው ብዙ አወራ። እኔ አንቺን አውቅሻለሁ፤ ጨዋ ነሽ። ግን ምናለ ሰው ሥራሽን ሲጠይቅሽ የልጆች ተረት እጽፋለሁ ብትዪ? ማን ይከስሻል?»

እስክውጥ ጠበቁኝ። «ጋሼ፣ የልጆች ተረት አልጽፍማ።»

«ማኅበራዊ ጉዳይ ብትዪስ?» አሉ እትዬ ወጥ እየጨመሩልኝ። «ስለ ቤተሰብ ማለትም ያስኬዳል። የፍቅር መጨረሻው ቤተሰብ አይደል?»

«እትዬ፣ እርስዎ በርበሬ ይነግዳሉ። ሰው ሲጠይቅዎት ዱቄት እሸጣለሁ ይላሉ?»

«ዱቄት አይደል እንዴ በርበሬስ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሴትየዋ ክፉ አይደሉም።

«አንድ ያጣላል» አሉ ጋሼ፣ ሁለተኛውን ጉርሻ አዘጋጅተው። አሁንም አፌ እንደሞላ ቀጠሉ። «ክፍሉ ይወሰድባት ያሉ አሉ። ያስቆምኩት እኔ ነኝ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ሥራሽን እጠይቅሻለሁ፣ አንዲት ቃል ትመልሺልኛለሽ፣ ነገሩ እዚያው ይዘጋል። ክፍልሽም ክፍልሽ ነው። አንቺ ደግሞ አንድ ነገር ታግዢናለሽ።»

የእህታቸውን ልጅ ጠሩ። በኔ ዕድሜ ያለች፣ ዋንዴገያ ስልክ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ፋይል ይዛ መጣች፣ አጠገቤ አስቀመጠችና ቆመች። ማንም ተቀመጪ አላላትም። ጋሼ ከፋይሉ ፎቶግራፎች አውጥተው በተበላው ሰሃን ጎን ዘረገፏቸው።

ፎቶዎቹ ላይ እሷና ውጭ አገር የሚኖር አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ሰውየው በአንዱ ሙሉ ልብስ ለብሶ ኬክ ይቆርሳል። በሌላው ባለ አበባ ሸሚዝ አድርጎ ኬክ ያጎርሳታል። በሌላው ሹራብ ደርቦ ትከሻዋን አቅፏል፤ ከኋላቸው ሐይቁ ይታያል። እንደ ልማዴ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። በሁሉም ላይ የሰውየው አውራ ጣት በአንድ ዓይነት ፕላስተር ተጠቅልሏል። ኬኩ ያው አንድ ኬክ ነው፤ በየፎቶው ትንሽ እየጎደለ ይሄዳል። ልብስ እየቀያየሩ አንዲትን ከሰዓት በኋላ የዓመታት ፍቅር አድርገዋታል።

«የኤምባሲ ኢንተርቪው አላት፤ ሚስቱ ሆና ልትሄድ ነው» አሉ ጋሼ። «እንዴት ተዋወቃችሁ፣ ማን ቀድሞ ወደደ፣ ስትጣሉ ማን ይታረቃል፣ ይሄን ሁሉ ይጠይቃሉ። ቀድሞ በጽሑፍ መግባት አለበት። የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ግን ደረቅ ነው የሚጽፉት። ልብ የሚነካ አድርጎ መጻፍ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

«በእውነት እንዴት ነው የተዋወቁት?»

«በእኔ ነዋ! እሱ ሚስት ፈልግልኝ አለኝ፣ እኔ ቁጥሯን ሰጠሁት። ይሄንን እንዳታስገቢ።»

ከዚያ ሦስተኛውን ጉርሻ ጠቀለሉ። ጣቶቻቸው በወጡ ዘይት ያብረቀርቃሉ። አንደኛውን ፎቶ በዚያው እጃቸው ነክተውት ስለነበር የልጅቷ ፊት ላይ ቀይ የጣት አሻራ ቀርቷል። ጉርሻው ወደ አፌ መጣ። የማላውቀው ምግብ አልነበረም፤ ጥሩ ወጥም ነበር። ፊቴን አዞርኩ።

እትዬ ደነገጡ። ጉርሻ አይመለስም።

«በቃኝ ጋሼ። እኔ የምጽፈው ልብወለድ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ልብወለድ ይላል። እዚህኛው ላይ ምን ተብሎ ሊጻፍ ነው?»

«ይሄማ የሰው ሕይወት ነው!»

«እኮ።»

ጋሼ ጉርሻውን ራሳቸው በሉት። አኝከው እስኪጨርሱ አዩኝ። «ያንን ቆሻሻ ስትጽፊ ያላፈርሽ፣ ሁለት ሰው ለማገናኘት አፈርሽ? የሚገርም ነው። ስብሰባው ላይ እንገናኝ።»

ልጅቷ እስከ በር ሸኘችኝ። ግቢው ውስጥ የተከመረውን የሴራሚክ ካርቶን አልፈን ወጣን።

«ቲቸር፣ አንቺ ብትጽፊው ያምር ነበር» አለች።

«ሰውየውን ትወጅዋለሽ?»

አሰበች። «አይከፋም። ሲስቅ ያስለዋል።» ከዚያ «አውሮፕላኑን ነው የምወደው» ብላ ሳቀች። «አጎቴ አስገድዶኝ እንዳይመስልሽ። እዚያ ሱቅ ቆሜ የሰው ስልክ ስከፍት ስዘጋ እስከ መቼ?»

«እንደዚያ ከሆነ እንደዚያ ብለሽ ተናገሪ።»

«ኤምባሲ ሄጄ? አውሮፕላን ነው የምወደው ልበላቸው?» አሁን ከልቧ ሳቀች። «አንቺም እኮ ውሸት ነው የምትጽፊው፤ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?»

አስረዳኋት። አንባቢዬ ያልሆነ ነገር መሆኑን አውቆ እንደሚከፍት፣ ያ ወረቀት ግን እውነት ነው ብሎ የሚፈርምበት ሰው እንዳለ። ሰውየው አንድ ቀን ቢከፋባት ያው ወረቀት በእጁ እንደሚሆን። እኔ የጻፍኩት ጭውውት በእሷ አፍ ገብቶ፣ በቃል አጥንታው፣ ፈታኝ ፊት እንደምትወጣው። በአንደኛ፣ በሁለተኛ፣ በሦስተኛ ደረጃ አስረዳኋት። የስልክ ዋስትና እንደሚነበብለት ደንበኛ አዳመጠችኝ።

«ክፍል ውስጥም እንዲህ ነሽ?» አለችኝ።

«እንዲህ ነኝ።»

«ልጆቹ አሳዘኑኝ።» ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ «እምቢ ማለትሽን አልጠላሁትም። ግን ስብሰባው ላይ ስለ እኔ እንዳታነሺ። እባክሽ» አለች።

ቃል ሰጠኋት። በቦዳ፣ በሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ወደ ቤቴ ስመለስ አፌ ውስጥ የወጡ ቅመም ነበር፤ ጥርሴን ፍቄም አልለቀቀኝ አለ። ያስጠላኝ ውሸቱ ብቻ አልነበረም። አገር ለቆ መኖር ሰውን ስንት ነገር እንደሚያስደርገው አውቃለሁ፤ ልጅቷንም ልፈርድባት አልችልም። ያንገፈገፈኝ ሁለቱን በአንድ እጅ መያዛቸው ነው። ፍቅርን መጻፌ ለልጆቻቸው አይመጥንም፤ ለፋይላቸው ግን ይመጥናል።

ስብሰባው በቀጣዩ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ሆነ። ልጆቹ ውጭ እንዲጫወቱ ተደረገ። ወላጆቻቸው በልጆቹ አጫጭር ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ፤ ከኋላቸው የፊደል ገበታዬ ተሰቅሏል። የተማርኩት ነገር ቢኖር ዝግጅት ስለሆነ የልጆቹን ውጤት ይዤ መጥቼ ነበር፤ ማን ማንበብ እንደጀመረ፣ ማን እንደቀረው። ማንም አልጠየቀኝም።

ጋሼ ከኮታቸው ኪስ «ውሃ የመጣ ዕለት»ን አወጡ። አልተሸፈነም።

«ምን እንደሆነ እንወቅ ብዬ ነው» አሉና ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አርሰው ገጽ ገለጡ። እንደገና አረሱ፣ እንደገና ገለጡ። የመረጡትን ቦታ አውቀዋለሁ። ጠጋኙ ታንከሩን ሠርቶ ይወርዳል፤ እጁ ዝገት ብቻ ነው። ሴትየዋ በጆግ ውሃ ታፈስለታለች። ይታጠባል። ውሃው አልቆ እጁን ሳያነሳ ይቆያል፤ እሷም ጆጉን አታወርድም። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ያችን ገጽ ስጽፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ እንድትጸዳ ብዬ ስንቱን ቃል እንዳወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጋሼ እያንዳንዱን ቃል እየጎተቱ አነበቡት። «ውሃውን... አፈሰሰችለት...» ቆም ይሉና ቀና ብለው ሰውን ያያሉ። ግሩፑ ላይ የቀለደው አባት «አቤት ጥገና!» አለ። ሳቁ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ገጹ ጥግ ላይ የጋሼ ምራቅ ያረጠበው ቦታ ይታየኛል። ጆሮዬ ጋለ፤ ያጋለው ግን እፍረት አልነበረም። ንጹሕ ሳህን ላይ ሰው ሲተፋ ቆሜ ያየሁ ያህል ነበር። ያ ቆሻሻ ከገጹ አልወጣም፤ ከአነባበቡ ነው የመጣው። ሰው ግን ድምፁንና ጽሑፉን ለይቶ አይሰማም፤ ይህንንም ላስረዳቸው ከጀልኩ፤ አልሆነም።

«እንግዲህ» አሉ ጋሼ መጽሐፉን አጥፈው። ድምፃቸው ለሰለሰ። «ሰው ይሳሳታል። እኔ አንዲት ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ። ከእንግዲህ ሥራሽ ምንድነው ቢሉሽ ምንድነው የምትዪው?»

የሚፈልጉት መልስ የሚከብድ አልነበረም። የልጆች ተረት ብል በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ገበታ ሥር ቆሜ አስተምር ነበር። ውጭ የሚጫወቱት ልጆች ድምፅ ይሰማኛል፤ አንዱ በአማርኛ «አንተ ሌባ፣ ተራዬን ሰረቅኸኝ!» ሲል ሰማሁ። በአማርኛ ሲጣሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ደስ አለኝ።

«መምህር ነኝ እላለሁ» አልኩ። «የፍቅር ልብወለድም እጽፋለሁ። ልጆቻችሁ ደብተር ላይ በትክክል ተጽፏል፤ የፊደል ስህተት የለበትም።»

ጋሼ አዩኝ። የፋይሉን ነገር አነሳለሁ ብለው የሚጠብቁ መሰለኝ፤ አውራ ጣታቸው የመጽሐፉን ጠርዝ ይዳብሳል። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። የአንዱን ኬክና የሦስቱን ልብስ ነገር ብናገር ያ ሳቅ ሁሉ ወደ እሳቸው ይዞር ነበር። ግን ፊቱ ላይ ቀይ አሻራ ያረፈበት ፎቶ የእሳቸው አይደለም። ዋጥኩት፤ እንደ መጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች ዋጥኩት።

«ክፍሉ ለጊዜው ይዘጋ የምትሉ» አሉ ጋሼ።

እጆች ወጡ። መኪናዋ ውስጥ መጽሐፌን ስታነብ ያየኋት እናት ክርኗን ከጎኗ ሳታላቅቅ መዳፏን ብቻ አነሳች፤ ታክሲ ለማስቆም ያፈረች ትመስላለች። ወደ እኔ አላየችም።

ገበታዬን ከግድግዳው አወረድኩ፣ ጠቀለልኩ፣ በላስቲክ አሰርኩት። ልጆቹን በየስማቸው እየጠራሁ ተሰናበትኳቸው። ለምን እንደምሄድ ሲጠይቁኝ እናንተ ወላጆቻችሁን ጠይቁ አልኳቸው። ምን ብለው እንዳስረዷቸው አላውቅም።

ክፍሉ አልተከፈተም። ሌላ መምህር ይፈለጋል ሲባል ሰነበተ፤ አዳራሹ ለስብሰባና ለልደት ይከራያል ይባላል። ቅዳሜ ጠዋት ሲደርስ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ገበታው አልጋዬ ሥር ነው። በዚያ ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ፤ ለ«ውሃ የመጣ ዕለት» ተከታይ የሚሆን መጽሐፍ ጨርሼ ዋንዴገያ አሳተምኩ። ሱቁ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን የሠርግ ጥሪ እየጠበቁ «አንቺ ልጅ፣ ምንድነው የምታሳትሚው?» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «የፍቅር ልብወለድ» አልኳቸው። ዓይናቸው ከፊቴ ወረደ። ጀርባዬን ሰጥቼ የታተሙትን መጽሐፎቼን መቁጠር ቀጠልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የግቢዬ በር ተንኳኳ። የመኪናዋ እናት ናት፤ ልጇ እጇን ይዛ ቆማለች። የፊት ጥርሶቿ በቅለዋል፤ ሲበቅሉ ሳላያቸው ቀረሁ።

«ቲቸር፣ ጠፋሽ» አለች እናትየው።

«እዚሁ ነኝ» አልኳት።

«ተከታዩ ወጣ ሲሉ ሰማሁ። የፀጉር ቤቷ ልጅ ጋ አይቼው...» የቦርሳዋን ማንጠልጠያ አስተካከለች። «የዚያን ዕለት ምን ላድርግ፣ ሁሉም ሲያወጣ ጊዜ...»

ያ የወጡ ቅመም እንደገና አፌ ላይ መጣ። አልሸጥልሽም ልላት ይቻለኝ ነበር። ግን መጽሐፍ የሚጻፈው እንዲነበብ ነው፤ ይህን ለራሴ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ገብቼ አንድ አመጣሁ። ስትቀበለኝ በሌላ እጇ ከቦርሳዋ የታጠፈ ጋዜጣ አወጣች። እግረ መንገዷን ሳይሆን አስባበት ከቤቷ ይዛው መጥታለች። ልጅቷ ትከሻ ላይ አስደግፋ ልትሸፍነው ስትል እጄን ጋዜጣው ላይ አኖርኩ።

«እዚህ ቤት አንሸፍንም» አልኳት።

«ቲቸር ደግሞ! በመንገድ እኮ ነው የምሄደው።»

«በመንገድ ይሂዳ። ወይ እንዲሁ ውሰጂው፣ ወይ እዚሁ ይቅር።»

መጽሐፉን አየች፣ በሩን አየች። የጎረቤቶቼን ቤት አየች። ከዚያ ጋዜጣውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ ሽፋኑን ወደ ራሷ አዙራ። የኋላው ሽፋን ላይም ያው ተጽፏል። እሱን አላሰበችውም።

ልጅቷ አስባዋለች። ከእናቷ ጎን እየተራመደች አንገቷን ሰብራ ታየዋለች። በሩን አልፈው አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ፣ ቦዳዎቹ ከሚቆሙበት ዛፍ ፊት ለፊት፣ እንዳስተማርኳት ጣቷን ፊደሉ ላይ እያሳረፈች ጮክ ብላ ጀመረች።

«የ... ፍ... ቅ... ር። የፍቅር! ል... ብ...»

«ዝም በይ አንቺ!»

«ልብ... ወ... ለ... ድ። እማዬ፣ አነበብኩት!»

እናትየው እርምጃዋን አፈጠነች። ልጅቷ ከኋላዋ እየሮጠች እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከመታጠፊያው ካለፉም በኋላ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር፤ አንድም ፊደል አልሳተችም።